ኋላ የመጣ ቀንድ፤ የሦስት መቶ ዓመታት የአልማዝ ሽሚያ ሲዳሰስ

ማርች 4 ቀን 1927 በደቡብ አፍሪካ፣ በምዕራብ ትራንስቫል፣ ከሊክተንበርግ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ግራስፎንቴይን በሚባል የእርሻ መሬት ዳር 25 ሺህ ያህል ሰው ተሰልፎ ቆመ። ሁሉም ችካል ይዟል። የሁሉም ዓይን የመንግሥት ሹሙ ከፍ አድርጎ በያዘው ባንዲራ ላይ ነው። ባንዲራው ዝቅ ሲል ሰልፈኛው ነቅሎ ሮጠ፤ ሜዳው በአቧራ ታፈነ። ቀድሞ ደርሶ ችካሉን የተከለ ያችን ቁራሽ መሬት ይቆፍራል፤ የዘገየ ባዶ እጁን ይመለሳል። በገዛ እግራቸው ያልተማመኑ ባለገንዘቦች የታወቁ ሯጮችን ቀጥረው አሰልፈው ነበር።

ሩጫው የነጮች ነው፤ በጊዜው ሕግ ጥቁር ሰው ችካል መትከል አይችልም። ችካሉ ከተተከለ በኋላ አካፋና ዶማ የሚያነሣው፣ ጠጠሩን የሚያጥበው ግን በአብዛኛው ያ መሮጥ የተከለከለው ሰው ነው። በዙሪያው በቆርቆሮና በሸራ የተሠራ ሠፈር በቅሎ ወደ 100 ሺህ ሰው ሰፈረበት። ዕድሜው ግን አጭር ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ደለሉ ነጠፈ፣ ሠፈሩ ተነቀለ፣ ሜዳው በጉድጓድና በጠጠር ክምር ተዥጎርጉሮ ቀረ።

ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ ያለ ሽሚያ በብዙ አገር ታይቷል። ብራዚል፣ ኪምበርሊ፣ የናሚብ በረሃ፣ ሴራሊዮን፣ ዚምባብዌ። ቋንቋውና ዘመኑ ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰላል። አንድ እረኛ ወይም ልጅ ወይም የቀን ሠራተኛ የሚያብረቀርቅ ጠጠር ያነሣል፤ ወሬው ይናፈሳል፤ ሰው ይጎርፋል፤ ከዚያ አጥር ይመጣል። የእኛ ሰው «ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» የሚለው ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ጆሮው ሁልጊዜ የሚበለጠው ለምንድን ነው? ቀንዱስ ከየት ይመጣል? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደለልና ቱቦ

መልሱ ግማሽ በግማሽ ያለው ከድንጋዩ አፈጣጠር ላይ ነው። አልማዝ ከምድር ገጽ 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ላይ፣ በከባድ ግፊትና ሙቀት የጠነከረ ካርቦን ነው። ወደ ላይ የሚያመጣው ከጥልቁ ፈንድቶ የሚወጣ የቀለጠ ዐለት ነው። ይህ ዐለት ሲበርድ እንደ ካሮት አናቱ ሰፊ፣ ሥሩ ቀጭን የሆነ ቀጥ ያለ ቱቦ ሠርቶ ይቀራል። ኪምበርላይት የሚባለው ዐለት ይህ ነው። ከዚያ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ዝናብና ወንዝ የቱቦውን አናት እየሸረሸሩ አልማዙን ከጠጠር ጋር ያወርዱታል፤ በወንዝ ዳር፣ በአሮጌ የውኃ መሄጃ፣ አንዳንዴም እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ ይበትኑታል።

ስለዚህ አልማዝ በሁለት ዓይነት ቦታ ይገኛል። ደለል ላይ ያለውን አካፋ፣ ወንፊትና ውኃ ያለው ሁሉ ሊፈልገው ይችላል። ድሃ በአንድ ቀን ባለጠጋ ሊሆን የሚችለው እዚያ ነው። ቱቦ ውስጥ ያለው ግን መጀመሪያ ለስላሳ ቢመስልም፣ በተቆፈረ ቁጥር ገመድ ይጠይቃል፣ ፓምፕ ይጠይቃል፣ ባቡር ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ባንክ ይጠይቃል። ሽሚያ የሚወለደው በደለል ላይ ነው፤ ኩባንያ የሚወለደው በቱቦ ውስጥ። ይህ ልዩነት ብቻውን ብዙ ነገር ያስረዳል።

ሁሉን ግን አያስረዳም። አልማዝ ከወርቅ የሚለይበት ሌላ ጠባይ አለው። ወርቅ ቢበዛም ዋጋው ቶሎ አይወድቅም፤ የአልማዝ ክብር ግን ከብርቅነቱ ጋር የተሳሰረ ነው። አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ብቻ ስለሆነች የድካም ሁሉ ፍሬ በጥርስ መካከል ይደበቃል። ስለዚህ ከዚህ ንግድ ማትረፍ የፈለገ ሁሉ ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፤ ከመሬት የሚወጣውን መመጠንና ከእጅ የሚያመልጠውን መጠበቅ። ሁለቱም አጥር ይሻሉ።

የነገሥታቱ አጥር

እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የዓለም አልማዝ በአብዛኛው የሚመጣው ከሕንድ ነበር፤ ጥቂት ደግሞ ከቦርኒዮ። ጎልኮንዳ የሚለው ስም የሀብት ምሳሌ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዊው ነጋዴ ዣን ባቲስት ታቨርኒዬ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በክሪሽና ወንዝ ዳር ያለውን የኮሉር ማዕድን ጎብኝቶ 60 ሺህ ያህል ወንድ፣ ሴትና ሕፃን ሲሠራበት እንዳየ ጽፏል። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ሴቶችና ልጆች ይሸከማሉ። ነጋዴው ቁራሽ መሬት ተከራይቶ ለንጉሡ ግብር ይከፍላል፤ ከተወሰነ ክብደት በላይ የሆነው ድንጋይ ደግሞ ከመጀመሪያውም የንጉሡ ነው። እዚያ ሽሚያ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አጥሩ ከሰው ቀድሞ ነበርና።

በብራዚል ግን ሰው ከአጥሩ ቀደመ። በ1720ዎቹ በሚናስ ዤራይስ፣ ቴዡኮ በሚባል መንደር አካባቢ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች በወንፊታቸው የሚቀረውን ጠጠር አልማዝ መሆኑን አወቁ። አገረ ገዥው ሎሬንሶ ዴ አልሜይዳ ለሊዝበን ቤተ መንግሥት በይፋ ያሳወቀው በ1729 ነው። ሰው ጎረፈ፣ አልማዙም ጎረፈ፣ በአውሮፓ ገበያ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። የፖርቱጋል ዘውድ በ1734 አካባቢውን ከልሎ የአልማዝ አውራጃ ብሎ ሰየመው፤ ለጥቂት ዓመታት ቁፋሮውን ጭራሽ አገደ፤ ዋጋው ሲያገግም በ1740 ለአንድ ኮንትራክተር አከራየው፤ በ1771 ደግሞ ዘውዱ ራሱ ቆፋሪ ሆነ። ቆፋሪ ማለት አዛዥ ማለት ነው እንጂ ወገቡን የሚያጎብጠው ከአፍሪካ በባርነት የተጋዘው ሰው ነበር። ዘበኞች ከፍ ባለ መቀመጫ ሆነው እጁንና አፉን ይጠብቁታል። ትልቅ ድንጋይ ያገኘ ባሪያ ነጻ ይወጣ እንደነበር ይተረካል፤ ጆሮው ከቀንዱ ጋር የተካካሰባት ያቺ አንዲት ቀዳዳ ነበረች።

ከከለላው ውጭ ተደብቀው የሚቆፍሩትን ዘውዱ ወንጀለኛ አላቸው። ጋሪምፔሮ የሚለው የብራዚል ቃል የተወለደው ከዚህ ነው፤ ዛሬም በባህላዊ መንገድ ማዕድን የሚያወጣ ሰው በዚያው ስም ይጠራል። ቴዡኮ ደግሞ ስሟ ተለውጦ ዲያማንቲና ተባለች። የመጀመሪያው ሽሚያ ለዓለም ያስተማረው ትምህርት ይህ ነው፤ አልማዝ እንዳይረክስ ቆፋሪው መታገድ አለበት።

ኪምበርሊ፤ ሽሚያው ፋብሪካ የሆነበት

በ1867 በኬፕ ቅኝ ግዛት፣ በሆፕታውን አቅራቢያ፣ ኢራስመስ ጃኮብስ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ በኦሬንጅ ወንዝ አካባቢ ያገኘው ጠጠር 21 ካራት ተኩል የሚጠጋ አልማዝ መሆኑ ታወቀ። የልጁ እናት ድንጋዩን ለጎረቤታቸው ለሻልክ ቫን ኒከርክ በነጻ ነበር የሰጠችው። ድንጋዩ በ500 ፓውንድ ተሸጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የግሪኳ እረኛ 83 ካራት ተኩል የሚመዝን ድንጋይ ይዞ መጣ። ቫን ኒከርክ 500 በግ፣ 10 በሬና አንድ ፈረስ ሰጥቶ ወሰደው፤ እርሱም በ11,200 ፓውንድ ሸጠው። ለእረኛው ያ መንጋ ሀብት ነበር። ልዩነቱ ግን የመላውን ታሪክ ልክ ያሳያል።

በ1870 በቫል ወንዝ ዳርቻ ሺህዎች ሰፈሩ። ክሊፕድሪፍት ላይ ቆፋሪዎች የራሳቸውን ሪፐብሊክ አውጀው ስታፎርድ ፓርከር የተባለውን የቀድሞ መርከበኛ ፕሬዚዳንት እስከማለት ደረሱ። ግን ደለሉ ላይ ያለው አልማዝ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው። ከወንዙ ራቅ ብሎ በደረቁ ሜዳ ላይ ዱቶይትስፓን፣ ቡልትፎንቴይንና የዲ ቢር ወንድማማቾች እርሻ ተራ በተራ አልማዝ አወጡ። በ1871 አጋማሽ ኮልስበርግ በተባለች ጉብታ ላይ የፍሊትውድ ሮውስቶርን ጓዶች ያገኙት ግን ሁሉን አስናቀ። ይዞታዎቹ በጎን 9 ሜትር ተኩል ያህል ሆነው በገመድ ተለክተው ተከፋፈሉ። የዲ ቢር ወንድማማቾች በግርግሩ ተማርረው መሬታቸውን በ6,300 ፓውንድ ሸጠው ሄዱ። በዓለም ታዋቂ የሆነው ስማቸው ብቻ ነው፤ ከአልማዙ ግን ድርሻ አልነበራቸውም።

ጉብታዋ ጉድጓድ ሆነች። እስከ 50 ሺህ ሰው የቆፈረባት ጊዜ ነበር። በመጀመሪያ በይዞታዎቹ መካከል ለጋሪ የሚሆን መንገድ ተትቶ ነበር፤ ቁፋሮው ሲጠልቅ መንገዶቹ እየተናዱ ወደቁ። ከዚያ እያንዳንዱ ይዞታ ከጉድጓዱ አፋፍ ድረስ የራሱን ሽቦ ዘረጋ። አፈር የሞላ ባልዲ በሺህ ሽቦ ላይ ወጣ ወረደ ሲል ቦታው የሸረሪት ድር መሰለ። ላይኛው ቢጫ አፈር ሲያልቅ ጠንካራ ሰማያዊ ዐለት መጣ፤ ብዙዎች አልማዙ አለቀ ብለው ይዞታቸውን በርካሽ ሸጡ። አልማዙ ያለው ግን በሰማያዊው ውስጥ ነበር። ያንን የተረዱትና ገንዘብ ያላቸው ገዙት።

በዚህ መካከል መሬቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ተነሣ። ኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ይገባኛል አለ፤ ትራንስቫል ይገባኛል አለ፤ የግሪኳው አለቃ ኒኮላስ ዋተርቦር ይገባኛል አለ። በናታል የነበረው የብሪታንያ ሹም ኪት ዳኝቶ ለዋተርቦር ፈረደ። ዋተርቦር ደግሞ ከብሪታንያ ጥበቃ ጠይቆ ነበርና በዚያው ዓመት፣ በ1871፣ አገሩ በሙሉ የብሪታንያ ሆነ። ለፍሪ ስቴት በ1876 ካሳ 90 ሺህ ፓውንድ ተከፈለው። ግሪኳዎች ያገኙት የመሬታቸውን መጥፋት ነው።

ከዚያ የሕጉ ተራ መጣ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ይዞታ በላይ እንዲይዝ አይፈቀድም ነበር። ጥቁር ይዞታ ባለቤቶችም ነበሩ። በ1872 ነጮች ቆፋሪዎች አምጸው አገልጋዮች እንዲመዘገቡና የይለፍ ወረቀት እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ አስወጡ፤ በኋላ መላውን ደቡብ አፍሪካ ያነቀው የይለፍ ሥርዓት ከሥሮቹ አንዱ እዚህ ነው። በ1875 ትናንሾቹ ነጭ ቆፋሪዎች ጥቁር ባንዲራ አንሥተው እንደገና አመጹ፤ ጥቁሮች ይዞታ እንዳይኖራቸው፣ ኩባንያዎችም እንዳይገቡ ፈለጉ። የመጀመሪያውን እያደር አገኙት። ሁለተኛውን ግን አላገኙትም፤ በ1876 የይዞታ ጣሪያው ተነሣ። ሌላውን ለመከልከል የጮኸው ቆፋሪ እሱም በበኩሉ ተዋጠ።

የዋጠው ከሁሉ አስቀድሞ ሲሲል ሮድስ ነው። በ18 ዓመቱ በ1871 ወደ አልማዙ ሜዳ መጣ። ውኃ ከጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ እያከራየ ገንዘብ ሠራ፤ በዚያ ገንዘብ ይዞታ ገዛ፤ በ1880 የዲ ቢርስ ኩባንያን አቋቋመ። ከለንደን ድሃ ሠፈር የመጣው ባርኒ ባርናቶ ደግሞ በኪምበርሊ ጉድጓድ በኩል ተደራጀ። ሁለቱ ሲጠላለፉ ቆይተው በ1888 ዲ ቢርስ ኮንሶሊዴትድ ሁሉን ጠቀለለ። በቀጣዩ ዓመት ለኪምበርሊ ማዕድን የተጻፈው ቼክ 5,338,650 ፓውንድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከዓለም አልማዝ አሥር እጅ ዘጠኙ በአንድ ኩባንያ እጅ ገባ። መጀመሪያ ያደረገውም ምርቱን መቀነስና ሠራተኛ ማሰናበት ነው፤ የፖርቱጋል ዘውድ ከ150 ዓመት በፊት ያደረገውን።

ሌላው አጥር በሰው ዙሪያ ተተከለ። ከፔዲ፣ ከሶቶና ከጾንጋ አገር በመቶዎች ኪሎ ሜትር በእግራቸው የመጡ ወጣቶች፣ ብዙዎቹም ጠመንጃ የሚገዙበትን ገንዘብ ፍለጋ፣ በ1885 ከተጀመረው የተዘጋ ግቢ ውስጥ ገቡ። ኮንትራታቸው እስኪያልቅ ከዚያ አይወጡም። ሊለቁ ሲሉ ለቀናት ልብሳቸው ተወስዶ፣ እጃቸው በቆዳ ጓንት ታስሮ ይቆያሉ፤ አልማዝ የዋጠ ካለ እንዲያወጣው ነው። በኋላ የጆሃንስበርግ የወርቅ ማዕድናት ይህንኑ ግቢ ቀዱት። ትልቁ ጉድጓድ በ1914 ሲዘጋ 22 ሚሊዮን ተኩል ቶን አፈር ወጥቶለት የተገኘው አልማዝ 2,720 ኪሎ ግራም ነበር። ሦስት ቶን የማይሞላውን ጭነት አንድ አይሱዙ በአንድ ጉዞ ይጨርሰዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በበረሃው ውስጥ

የኪምበርሊ ትምህርት በናሚብ በረሃ እንዴት እንደ ፈጠነ ማየት ይጠቅማል። በ1908 በጀርመን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ከሉደሪትዝ ወደብ ወደ ውስጥ በሚገባው የባቡር ሐዲድ ላይ አሸዋ የሚጠርግ ዘካርያስ ሌዋላ የተባለ ሠራተኛ የሚያብለጨልጭ ጠጠር አነሣ። ቀደም ሲል በኪምበርሊ ሠርቶ ነበርና ምን እንደሆነ አወቀ። ለአለቃው ለአውጉስት ሽታውክ ሰጠው። ሽታውክ የፍለጋ ፈቃድ አውጥቶ ሚሊየነር ሆነ፤ ሌዋላ ሽልማት ማግኘቱን የሚናገር መዝገብ የለም። ያ ሐዲድ ደግሞ የተሠራው ጀርመኖች በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ ባካሄዱት የዘር ማጥፋት ዘመን፣ በሻርክ ደሴት ከታጎሩ እስረኞች ጉልበት ነው።

በአንዳንድ ሸለቆ አልማዙ በአሸዋው ገጽ ላይ ተበትኖ ስለነበር ሰዎች በደረታቸው እየተሳቡ እንደ ጥሬ ለቀሙት። ሽሚያው ግን ወራት ብቻ ነው የቆየው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የጀርመን መንግሥት ከኦሬንጅ ወንዝ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ያለውን ምድር በሙሉ የተከለከለ ክልል አለው። በውስጡ የበቀለችው ኮልማንስኮፕ የዳንስ አዳራሽ፣ የበረዶ ፋብሪካና ኤክስሬይ ያለው ሆስፒታል ነበራት። በ1956 የመጨረሻው ነዋሪ ሲወጣ አሸዋው በመስኮት ገባ፤ ዛሬ ቱሪስት በአሸዋ የተሞሉ ሳሎኖቿን ፎቶ ያነሣል። ሽታውክም በ1947 ሲሞት ሀብቱ ሁሉ ከእጁ ወጥቶ ነበር።

በዚህ ሲታይ የ1927ቱ የግራስፎንቴይን ሩጫ የአሮጌው ዓይነት ሽሚያ የመጨረሻ ትልቅ ትርዒት ነበር። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የከበሩ ድንጋዮች ሕግ አወጣ፤ በናማኳላንድ የባሕር ዳርቻ የተገኘውንም ሀብታም ደለል ለሕዝብ ቁፋሮ ዘግቶ የመንግሥት አደረገው። ሁለቱም እርምጃዎች አንድ ስጋት የወለዳቸው ናቸው፤ ደለሉ ለሁሉ ከተከፈተ ገበያው ይሞላል።

ኮኖ፤ አጥሩ ሲፈርስ

አጥር ካልተጠበቀ ምን ይሆናል የሚለውን ሴራሊዮን አሳየች። በ1930 የመንግሥት ጂኦሎጂስቶች በምሥራቃዊው የኮኖ ወረዳ አልማዝ አገኙ። በ1935 ሴራሊዮን ሴሌክሽን ትረስት የተባለ ኩባንያ ለ99 ዓመት የብቻ መብት ተሰጠው። መሬቱ ግን እንደ ኪምበርሊ ቱቦ ብቻ አይደለም፤ አልማዙ በየጅረቱና በየረግረጉ በሰፊው የተበተነ ደለል ነው። ለዚያ ሁሉ ምድር ዘበኛ አይበቃም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወሬው ሲዛመት ገበሬው ሞፈሩን፣ አስተማሪው ጠመኔውን ትቶ ወደ ኮኖ ነጎደ፤ ከጎረቤት አገሮችም መጡ። በ1956 በሕገ ወጥ መንገድ የሚቆፍረው ሰው 75 ሺህ ያህል እንደሚሆን ተገምቶ ነበር። ድንጋዩ ድንበር ተሻግሮ በሞንሮቪያ ይሸጣል።

መንግሥት በዚያው ዓመት የኩባንያውን ክልል አጥብቦ ለአገሬው ሰው የደለል ቁፋሮ ፈቃድ መስጠት ጀመረ፤ የውጭ ሰዎችንም በገፍ አባረረ። ይህ የተለየ ሙከራ ነበር፤ ለቆፋሪው ሕጋዊ በር ተከፈተለት። በሩ ላይ ግን ሌላ ሰው ቆመ። ቆፋሪው የሚበላው ሩዝና የሚቆፍርበት አካፋ የለውም፤ እሱን የሚያቀርብለት «ደጋፊ» የሚባል ባለገንዘብ ነው። አልማዝ ሲገኝ ዋጋውን የሚተምነው፣ ብድሩን የሚቆርጠው፣ ቀድሞ የሚገዛውም ያው ሰው ነው። እንዲህ ያለው አጥር ሽቦ የለውም፤ የሚይዘው በዕዳ ነው።

ከነጻነት በኋላ በሲያካ ስቲቨንስ ዘመን የአልማዙ ንግድ ወደ ባለሥልጣናትና ወዳጆቻቸው እጅ ዞረ። በ1970 ከ2 ሚሊዮን ካራት በላይ የነበረው ሕጋዊ ወደ ውጭ ሽያጭ በ1988 ወደ 48 ሺህ ካራት ወረደ። አልማዙ አላለቀም፤ የመንግሥቱ መዝገብ ነው ያለቀው። በ1991 ጦርነት ሲጀመር አብዮታዊው የተባበረ ግንባር የተባለው አማጺ ኃይል ኮኖን ይዞ ወጣቱን በጠመንጃ አስቆፈረ። እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች ምስል ዓለምን ያስደነገጠው በዚያ ጊዜ ነው። ጦርነቱ በ2002 አበቃ።

በዚህ ግፊት በ2003 የኪምበርሊ ሂደት የተባለው የምስክር ወረቀት ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ስሙ ሽሚያው ፋብሪካ ከሆነባት ከተማ መወሰዱ የታሪክ ምጸት ነው። ሥርዓቱ የአማጺያንን ገንዘብ በማድረቅ ረድቷል፤ ድክመቱ ያለው በትርጓሜው ውስጥ ነው። «የግጭት አልማዝ» ማለት አማጺያን ሕጋዊ መንግሥትን ለመውጋት የሚጠቀሙበት ነው ይላል። መንግሥቱ ራሱ ቆፋሪውን ቢወጋስ?

ማራንጌና ክዋህላቲ

ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ በዚምባብዌ ደም ፈሰሰበት። በ2006 በምሥራቅ ዚምባብዌ በማራንጌ አልማዝ ከምድር ገጽ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። የኑሮ ውድነቱ ሰማይ የነካበት ጊዜ ስለነበር አሥር ሺዎች ጎረፉ፤ በመጀመሪያ ባለሥልጣናትም ሰውን ያበረታቱ ነበር። ከዚያ ፖሊስ መጣ። በ2008 መጨረሻ ወታደር በሄሊኮፕተር ጭምር በቆፋሪዎች ላይ ተኮሰ፤ ሂውማን ራይትስ ዎች ከ200 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ዘግቧል። የኪምበርሊ ሂደት ለጊዜው ሽያጩን አግዶ በ2011 እንደገና ፈቀደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግሎባል ዊትነስ፣ ሥርዓቱን ለማቋቋም ከታገሉት ድርጅቶች አንዱ፣ ከሂደቱ ወጣ።

የሽሚያ ረሃብ ግን አልማዝ በሌለበትም ይነሣል። በጁን 2021 በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል፣ ክዋህላቲ በምትባል መንደር አንድ እረኛ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አገኘ ተባለ። ከሺህ በላይ ሰው ዶማውን ይዞ ከየአቅጣጫው ደረሰ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ሥራ ያሳጣው ሰው ነው አብዛኛው። የመንግሥት ባለሙያዎች መርምረው ኳርትዝ ነው አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ያ ሕዝብ ግን የዋህ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ለአንድ ቀን ተስፋ የሚከፍለው የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ ነው።

ሰው ያልሮጠበት ሽሚያ

ለንጽጽር ሰው ያልጎረፈባቸውን ግኝቶች ማየት ይበጃል። በሳይቤሪያ ላሪሳ ፖፑጋዬቫ በ1954 የመጀመሪያውን የሶቭየት ኪምበርላይት ቱቦ ስታገኝ የተሰለፈ ሕዝብ አልነበረም፤ የተሰለፈው መንግሥት ነው። በካናዳ በ1991 ቻክ ፊፕኬና ስቱዋርት ብለሰን በላክ ደ ግራ አካባቢ አልማዝ ሲያገኙ ታላቅ የይዞታ ሽሚያ ሆነ፤ ችካል ተካዮቹ ግን በሄሊኮፕተር የሚበሩ የኩባንያ ቅጥረኞች ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ የምታነጋግረው ቦትስዋና ናት። ኦራፓ የተገኘችው ነጻነት በተገኘ በዓመቱ፣ በ1967 ነው። ሴሬትሴ ካማ ማዕድኑ በገዛ ጎሳው ምድር ላይ ሳለ የጎሳዎች የማዕድን መብት ወደ መንግሥት እንዲዛወር አደረገ። ከዲ ቢርስ ጋር የተቋቋመው ዴብስዋና እኩል በእኩል ሆነ፤ ገቢው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠራ። እዚያም አጥር አለ፤ ጥብቅ አጥር። ልዩነቱ ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ መታወቁና መጠየቅ መቻሉ ነው። ይህ ማለት ቦትስዋና ከስጋት ነጻ ናት ማለት አይደለም። ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1954 በላቦራቶሪ አልማዝ ከሠራ ወዲህ ያ ጥበብ እየረከሰ መጥቶ፣ በቅርብ ዓመታት የተፈጥሮውን አልማዝ ዋጋ ጭምር አናግቷል። አሁን ለአልማዝ አጥር መሥራት የማይቻልበት ቦታ ተገኝቷል፤ ፋብሪካ።

የማን ጥፋት?

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ጥፋቱን በስስት ላይ ያደርጋል፤ ግን ስስት ኪምበርሊም ክዋህላቲም አለ፤ ውጤቱ ግን የተለያየ ነው። ሌላው በዐለቱ ላይ ያደርጋል፤ ደለል ድሃን ይጠራል፣ ቱቦ ኩባንያን ይጠራል ይላል። እውነት አለው፤ ግን የናሚብ አሸዋ በእጅ የሚለቀም ሆኖ ሳለ በወራት ተዘጋ፤ የኮኖ ደለል ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ሳይዘጋ ቀረ። ሦስተኛው በሕግ ላይ ያደርጋል። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ። ችካል የመትከል መብት ለማን እንደሆነ፣ አንድ ሰው ስንት ይዞታ መያዝ እንደሚችል፣ ዋጋ ተማኙ ማን እንደሆነ የሚወስነው ዐለቱ አይደለም። ቀንዱ ከመሬት አይበቅልም፤ በወረቀት ላይ ይበቅላል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አልማዝ ባይኖረንም፣ በ2008 በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና ገደሎች ውስጥ ኦፓል ሲገኝ ወጣቱ ገመድ ታጥቆ ወርዷል፤ በዋሻ መደርመስ የቀረም አለ። በገደሉ ውስጥ የሚገኘው ዋጋና በውጭ አገር የጌጥ ሱቅ መስኮት የሚለጠፈው ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ ለማወቅ የኮኖን «ደጋፊ» ማስታወስ ይበቃል። ፈቃድ መስጠት ብቻውን ቆፋሪውን አላዳነውም። የሚያድነው የራሱ መብራትና ገመድ፣ የራሱ የማኅበር ብድርና የድንጋዩን ዋጋ በገለልተኝነት የሚነግረው ሰው ሲኖር ነው።

በመጨረሻ አንድ ቦታ ልጥቀስ። በአሜሪካ አርካንሶ፣ መርፍሪስቦሮ አጠገብ፣ በ1906 ጆን ሃድልስተን የተባለ ገበሬ በእርሻው ላይ አልማዝ አገኘ። ኩባንያዎች ተራ በተራ ሞከሩት፤ አላዋጣቸውም። በ1972 ክፍለ ግዛቱ ገዝቶ ፓርክ አደረገው። ዛሬ ማንም የመግቢያ ከፍሎ፣ አካፋና ወንፊት ይዞ ይገባል፤ ያገኘውም አልማዝ የራሱ ነው። ያ በር ለሁሉም ክፍት የሆነው አጥር የሚያሠራ ያህል አልማዝ ስለሌለው ነው።